165 ኸርዝ ገዝቼ 8 ወር በ60 ተጫወትኩ

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ አመጣልኝ። ካርቶኑንም አልጣለውም፤ አጣጥፎ ለብቻው ይዞት መጥቷል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «165 ኸርዝ፣ 1 ሚሊሰከንድ» ይላል። ኸርዙ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ነው፤ ሚሊሰከንዱ ደግሞ አንዷ የስክሪን ነጥብ (ፒክስል) ቀለም ለመቀየር የሚፈጅባት ጊዜ። እኔም ቁም ሳጥኑ ላይ እንደ ዲፕሎማ አቆምኩት።

ለስምንት ወር ቤቴ የመጣውን ሰው ሁሉ «ልዩነቱን አያችሁት?» እያልኩ አደከምኩ። እንግዳውም በይሉኝታ «አዎ፣ በጣም!» ይላል። አንድ ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ መጣ። ዕድሜው 14 ነው። ካውንተር ስትራይክ እንዲጫወት ቦታዬን ለቀቅኩለት። ማውሱን ሁለቴ ግራና ቀኝ አወዛወዘና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ 60 ላይ ነው» አለኝ። ሳቅኩበት። ሴቲንጉን ከፍቶ አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ 60!

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝ። የራሴን ካስተካከልኩ ወዲህ የወንድሜን፣ የሁለት ጓደኞቼንና ሰፈራችን ያለውን ጌም ቤት ሞኒተሮች ነካክቻለሁ። ሁሉም ጋ ያየሁት ያው ነው። ሰው ገንዘቡን ለኸርዝ ይከፍላል፣ ከዚያ የሞኒተሩን ሜኑ አንድ ቀን እንኳ ሳይከፍት ይጫወታል። የሚሮጥ ነገር ስክሪኑ ላይ ሲደበዝዝ የምታዩት ብዥታ መፍትሔው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያ ሜኑ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ

ዊንዶውስ ላይ ዴስክቶፑን ቀኝ ክሊክ አድርጉ። «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ግቡ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ»ን ክፈቱ። የሪፍሬሽ ሬት፣ ማለትም የኸርዙ ምርጫ፣ እዚያ ነው። ያለውን ትልቁን ቁጥር ምረጡ። በቃ፣ እኔ ስምንት ወር ያጣሁት ይቺን ነው።

165 ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኬብሉን ጠርጥሩ። የድሮው ኤችዲኤምአይ 1.4 ፉል ኤችዲን በ120፣ ቢበዛ በ144 ነው የሚያደርሰው። ዲስፕሌይፖርት የሚባለው ሌላው የኬብል ዓይነት ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ኬብሉ የተሰካው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይሁን። አንዱ ጓደኛዬ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ካርዱ ተበላሽቷል» ብሎ ሊሸጠው ደላላ ሁሉ ጠርቶ ነበር።

ጌሙ ውስጥም እዩ። ፉል ስክሪን ሲሆን የራሱን ሪፍሬሽ ሬት የሚመርጥ ጌም አለ። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ከቻርጀር ሲነቀል ባትሪ ለመቆጠብ ወደ 60 የሚወርድ አይጠፋም።

ለመሆኑ ብዥታው ከየት ይመጣል?

ይቺን ካልተረዳችሁ ሜኑው ውስጥ በጨለማ ትዳክራላችሁ። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ታክሲ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣችሁ ቅርብ ያለውን አጥር እዩት። አጥሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይናችሁ ግን እያለፈው ስለሆነ መስመር መስመር ሆኖ ይታያችኋል። ሞኒተርም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ስክሪኑ አንዱን ምስል ያወጣና ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ሳያንቀሳቅስ ይይዘዋል። በ60 ኸርዝ ይህ 16.7 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ዓይናችሁ ግን የሚሮጠውን ሰው እየተከተለ ስለሆነ አይቆምም። የቆመው ምስል ላይ ይንሸራተታል። ብዥታው የተፈጠረው ዓይናችሁ ውስጥ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ነገር በሰከንድ 960 ፒክስል የሚሄድ ከሆነ በ60 ኸርዝ 16 ፒክስል ያህል ይደበዝዛል። በ120 ስምንት ይሆናል፣ በ240 አራት። ፍሬሙም፣ ማለትም ካርዱ በሰከንድ የሚልከው ምስል፣ ከኸርዙ እኩል ከመጣ ነው ታዲያ። ጌሙ 60 ፍሬም ብቻ እየሰጠ ሞኒተሩ 240 ቢሆን ያው 16 ነው። ያ ባለ ትልቅ ጀርባ የድሮ ቴሌቪዥን እንቅስቃሴ ላይ ጥርት የሚለውም ለዚህ ነው። ምስሉን ይዞ አይቆይም፣ ብልጭ አድርጎ ይተወዋል።

ሁለተኛው የብዥታ ምንጭ የፒክስሉ ስንፍና ነው። ከጥቁር ወደ ግራጫ ቀይር ሲባል ወዲያው አይቀይርም፣ ይንቀረፈፋል። ያኔ የሚሮጠው ነገር ከኋላው ጭራ ይጎትታል። ኦሌድ ስክሪን ላይ ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል። ኤልሲዲ ላይ ግን አለ፣ በተለይ ቪኤ በሚባለው ዓይነት። የእኔም ቪኤ ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት በኸርዝና በፍሬም ትቀንሱታላችሁ። ሁለተኛውን በኦቨርድራይቭ። ሰው ሁለቱን ስለሚያደባልቅ ነው አንዱን መድኃኒት ለሌላው በሽታ የሚወስደው።

ኦቨርድራይቭ፣ ወይም «ወራጅ አለ»

ሜኑው ውስጥ ስሙ ይለያያል። «ኦቨርድራይቭ» ወይም «ሪስፖንስ ታይም» ሊል ይችላል። አሱስ «ትሬስ ፍሪ» ይለዋል፣ ቤንኪው ደግሞ «ኤኤምኤ»። ሥራው ፒክስሉ ቶሎ እንዲቀየር ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል መስጠት ነው።

ሚኒባስ አስቡ። «ወራጅ አለ!» ብላችኋል። ሹፌሩ ቀርፋፋ ከሆነ ፌርማታው ጋ እስኪደርስ ትሰለቻላችሁ። ፈጣን ከሆነ ልክ ቦታው ላይ ያወርዳችኋል። ከልክ በላይ ከበረረ ግን ፌርማታውን አልፎ ይቆምና በእግራችሁ ትመለሳላችሁ። ፒክስሉም እንደዚያው ነው። ኦቨርድራይቩ ሲበዛ የሚፈለገውን ቀለም አልፎ ሄዶ ይመለሳል። ያኔ ከሚሮጠው ነገር ኋላ የሚያበራ፣ ቀለሙ የተገለበጠ ጥላ ታያላችሁ። ከቀድሞው ጭራ ይልቅ ይሄ ዓይን ይወጋል።

ካርቶኔ ላይ የተጻፈው «1 ሚሊሰከንድ» ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኦቨርድራይቩን እስከ ጥግ ሲወስዱት ነው። ማለትም ማንም ሰው ሊያየው በማይፈልገው ሴቲንግ።

መለኪያው እንዲህ ነው። ብለር በስተርስ የሚባሉት የሠሩት «ቴስት ዩፎ» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ። ብራውዘሩን ሙሉ ስክሪን አድርጋችሁ ክፈቱት። ዩፎዎች በስክሪኑ ላይ ይሻገራሉ። አንዱን ምረጡና በዓይናችሁ ተከተሉት፤ ጭንቅላታችሁ አይንቀሳቀስ። አሁን ኦቨርድራይቩን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ አንድ አንድ እያላችሁ ጨምሩ። ከዩፎው ኋላ ረጅም የደበዘዘ ጭራ ካለ ይቀረዋል። የሚያበራ ጥላ ከመጣ አልፏል። ጥላው ከመምጣቱ በፊት ያለውን ያዙ። ያየኋቸው ሞኒተሮች ላይ ሁሉ መልሱ መካከለኛው ነበር። «ኤክስትሪም» የሚለው አሸንፎ አያውቅም።

በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ግን አትፍረዱ። ስልኩ ቆሞ ነው የሚያነሳው፣ ዓይናችሁ ደግሞ እየተከተለ ነው የሚያየው። የተለያየ ነገር ነው የምታገኙት።

ሌላ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ ላይ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ክፍሌ በረዶ ሆኖ ኦቨርድራይቩን አስተካከልኩ። ማታ ስቀመጥ ያ የሚያበራ ጥላ መጥቷል። ምን ነካው ብዬ ግራ ገባኝ። ለካ ኤልሲዲ ሲበርደው ፒክስሉ ይንቀረፈፋል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል። ጠዋት የሚያስፈልገው ጉልበት ማታ ይበዛበታል። ስለዚህ ሞኒተሩን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩትና ከዚያ ንኩት። ቡና አፍልታችሁ ጠጡ እስከዚያ።

ቪኤ ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ከድቅድቅ ጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ የሚደረገው ለውጥ ላይ ኦቨርድራይቭም ብዙ አይረዳም። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ስትዞሩ ግድግዳው እንደ ቀለም ሲፈስ የምታዩት እሱ ነው። እኔ ያገኘሁት ማስታገሻ «ብላክ ኢኳላይዘር» የሚባለውን፣ ጥቁሩን የሚያፈካውን ሴቲንግ፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ጥቁሩ ሙሉ ጥቁር መሆኑ ይቀርና ፒክስሉ ከዚያ ጉድጓድ መውጣት አይጠበቅበትም። ፊልም ስታዩ ግን ጥቁሩ አመድ ይመስላል። ስለዚህ ለጌምና ለፊልም ሁለት ፕሮፋይል ይዣለሁ።

ፍሬሙን ከሞኒተሩ ማስማማት

የእኔ ግራፊክስ ካርድ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ሁሉን ነገር ዝቅ አድርጌ ፍሬሙ ከ110 እስከ 170 ይዋልላል። ሞኒተሩ በራሱ ሰዓት፣ ካርዱ በራሱ ሰዓት ሲሄዱ ምስሉ መሃሉ ላይ ይቀደዳል፤ አለዚያም ይንተፋተፋል። ፍሪሲንክ የሚባለው የኤኤምዲ ቴክኖሎጂ ሞኒተሩ ካርዱን እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ አብሩት፣ ከዚያ ካርዱ ሶፍትዌር ውስጥም አብሩት። ሁለቱም ጋ ካልበራ አይሠራም። የኢንቪዲያ ካርድ ያላችሁም አትጨነቁ፤ ከጥር 2019 በፈረንጆቹ ጀምሮ 10 ሲሪየስና ከዚያ ወዲህ ያሉት ካርዶች በዲስፕሌይፖርት ከፍሪሲንክ ሞኒተር ጋር ይሠራሉ።

ከዚያ የፍሬም ጣሪያ አብጁለት። ከሞኒተሩ ቁጥር ሦስት ቀንሱ። ለ165 ጣሪያው 162 ነው፣ ለ144 ደግሞ 141። ጣሪያ ከሌለ ፍሬሙ ከሞኒተሩ አቅም በላይ ይወጣና ፍሪሲንኩ ከጨዋታ ውጪ ይሆናል። ቪሲንክን፣ ማለትም ካርዱ የሞኒተሩን ምት እንዲጠብቅ የሚያደርገውን፣ ካርዱ ሶፍትዌር ውስጥ አብሩት፣ ጌሙ ውስጥ አጥፉት። «ፕሮፌሽናሎቹ እኮ ጣሪያ አያደርጉም» የሚለኝ አለ። እነሱ 300 እና 400 ፍሬም የሚሰጥ ማሽን አላቸው። እኔ ያለኝ 1660 ነው።

ፍሪሲንክ ስታበሩ ኦቨርድራይቩን መልሳችሁ እዩት። በ165 ልክ የነበረው፣ ፍሬሙ ወደ 70 ሲወርድ ሊበዛ ይችላል። ፍሬሙ ብዙ በሚዋልል ጌም ላይ አንድ ደረጃ ዝቅ አደርገዋለሁ። ቪኤ ላይ ደግሞ ሎዲንግ ስክሪን ሲመጣ ብርሃኑ ሊርገበገብ ይችላል። መጀመሪያ ሳየው የመብራት ቮልቴጅ መስሎኝ ስታቢላይዘሩን ሁሉ ፈትሻለሁ። የፍሪሲንክ ነገር ነው፣ ሌላ አይደለም።

ስለዚያ ብልጭ ድርግም የሚለው

ሜኑው ውስጥ «ኤምፒአርቲ»፣ «ሞሽን ብለር ሪዳክሽን» ወይም «ዳያክ» የሚል ካገኛችሁ፣ የኋላ መብራቱን በእያንዳንዱ ፍሬም ብልጭ አድርጎ የሚያጠፋው እሱ ነው። ሥራው እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ነው፣ የዓይኑን ብዥታ በእርግጥ ይቀንሰዋል። መጀመሪያ ያበራሁት ቀን ዩፎው ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጠርኳቸው። ወደድኩት።

ዋጋ ግን አለው። ስክሪኑ ይጨልማል። አብዛኞቹ ሞኒተሮች ላይ ከፍሪሲንክ ጋር አብሮ አይበራም። ፍሬሙ ከኸርዙ ጋር እኩል ካልሆነ ደግሞ ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል፤ 60 ፍሬም በ120 ብልጭታ ካሳያችሁ እያንዳንዱ ምስል ሁለቴ ይበራል፣ ዓይን ደግሞ በመሃል ተንቀሳቅሷል። ለመሞከር ከፈለጋችሁ ኸርዙን ወደ 120 አውርዱና ካርዳችሁ 120ን ሳይነቃነቅ የሚሰጠውን ጌም ምረጡ። ያኔ ፒክስሉም ከብልጭታው በፊት ተቀይሮ የሚጨርስበት ጊዜ ያገኛል። እኔ ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሴን ስላመመኝ አጠፋሁት። ወንድሜ ግን ያለ እሱ አይጫወትም።

ትርፍራፊው

ጌሙ ውስጥ ያለውን «ሞሽን ብለር» አጥፉ፤ ብዥታ ለመቀነስ ስንለፋ እሱ ሆን ብሎ ይጨምርልናል። «ዳይናሚክ ኮንትራስት» ይጥፋ። ሻርፕነስ መካከል ላይ ይሁን፤ ሲበዛ የፊደሉ ዙሪያ ነጭ ክር ያወጣል።

ፕሌይስቴሽን ያላችሁ ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። ፒኤስ 4 ከ60 ኸርዝ አያልፍም። ለእሱ ብላችሁ 165 አትግዙ፣ ገንዘቡን ለሌላ አውሉት። ፒኤስ 5 እስከ 120 ይሄዳል፣ ጌሙ ከፈቀደ። ሰፈራችን ጌም ቤት ውስጥ አራቱም ሞኒተሮች ባለ 144 ናቸው፤ የተሰኩት ግን ፒኤስ 4 ላይ ነው። ባለቤቱን ላስቀይመው አልፈለግኩም። ኦቨርድራይቩን ብቻ ከ«ኤክስትሪም» ወደ «ኖርማል» አወረድኩለትና ኳሷ ኋላ የነበረው ነጭ ጥላ ጠፋ። ልጆቹ «አዲስ ስክሪን ገዛህ እንዴ?» ብለው ጠየቁት። እሱም «አዎ» አላቸው።

የእኔን ሴቲንግ በወረቀት ጽፌ ሞኒተሩ ጀርባ ላይ ለጥፌዋለሁ፦ 165፣ ኦቨርድራይቭ መካከለኛ፣ ብላክ ኢኳላይዘር ሁለት ነጥብ ከፍ፣ ፍሪሲንክ በርቷል፣ ጣሪያ 162። የለጠፍኩት የካርዱን ድራይቨር አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ኸርዙ ተመልሶ 60 ሆኖ ስላገኘሁት ነው። እኔ እንኳ አላገኘሁትም። ያው ልጅ ነው ያገኘው። ማውሱን ሁለቴ አወዛወዘና «ጋሼ…» አለኝ።