ከጣውላ ወለል ሥር የሚገባን ብርድ ማስቆም

ከአዲስ አበባ ዳር፣ በእንጦጦ ግርጌም ሆነ በሱሉልታ በኩል፣ በድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ የጣውላ ወለል ያለው ቤት የታኅሣሥን ብርድ የሚቀበለው ከእግር ሥር ነው። ንፋሱ በመሠረቱ ቀዳዳ ገብቶ በጣውላው ስንጥቅ ይወጣል። ቀላሉ መፍትሔ ቀዳዳውን በሲሚንቶ መድፈን ይመስላል፤ እንዳያደርጉት። በክረምት ከመሬት የሚነሳው እርጥበት የሚወጣው በዚያው ነው፤ ከተደፈነ ሞራሌው (ጣውላው የተመታበት ተሸካሚ እንጨት) ከሥር ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይመቸዋል። ቀዳዳው ላይ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልሰፋ ወንፊት ሽቦ አይጥ እንዳይገባ ይመታበት፤ ብርዱ የሚዘጋው ከላይ፣ ጣውላው ላይ ነው።

ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ጣውላ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ክፍተቱ በሰፋበት ወቅት የገባ ለስላሳ መሙያ ክረምት ሲመጣ ይጨመቃል እንጂ አይወድቅም። ደረቅ ስቱኮ ከሆነ ግን ጣውላው የሚያብጥበት ያጣና ይነሳል።

መጀመሪያ በርና መስኮት ዘግተው ዕጣን ያጭሱና ግድግዳውን ተከትለው በዝግታ ይዙሩ፤ ጭሱ የሚጣመምበትን በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ክፍተት የሚገኘው ከዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን ከሚመታው እንጨት) ጀርባ ነው።

ሲረገጥ የሚጮህ ጣውላ አስቀድሞ በብሎን ካልታሰረ መሙያ አይይዝም። ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ የ5 ሳንቲ ሜትር ብሎን ሞራሌው ላይ ይታሰራል፤ ጣውላው እንዳይሰነጠቅ አስቀድሞ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይበሳል። ከዚያ በስንጥቁ ውስጥ ያለው አፈር በቀጭን ብረት ተፍቆ ይጠረጋል። የወለል ሰም ለዓመታት ሲቀባ የኖረ ከሆነ ጠርዙ በቲነር ይወልወል (መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት)። ሰም ላይ ምንም ነገር አይጣበቅም፤ መሙያ የሚላቀቅበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

እስከ 3 ሚሊ ሜትር ላለ ክፍተት በቱቦ የሚሸጠው አክሪሊክ ማሸጊያ ይበቃል። ሲሊኮን ቀለምም ቫርኒሽም አይቀበልም። ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ላለው ከክፍተቱ ትንሽ የወፈረ የቃጫ ገመድ ተመራጭ ነው፤ በደነዘዘ ስፓቱላና በመዶሻ ቀስ እየተባለ ከጣውላው ፊት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ይጠቀጠቃል። ከ8 ሚሊ ሜትር ለሰፋ፣ ከጣውላው ዓይነት እንጨት ቀጭን ስንጥር ተልጎ ኮላ በአንድ ጎኑ ብቻ ተቀብቶ ይገባል። በሁለቱም ጎን ከተለጠፈ ጣውላዎቹ ይተሳሰሩና በሌላ በኩል ይሰነጠቃሉ። አናጢዎች የሚወዱት የሰጋቱራና የኮላ ድብልቅ ለጉጥ ቀዳዳ ጥሩ ነው፤ በሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ግን ይፈረፈራል።

4 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል፣ ጣውላው 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ወደ 130 ሜትር ስንጥቅ አለው። ስፋቱ 3፣ ጥልቀቱ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሲሞላ አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ 20 ሜትር ይሄዳል፤ 7 ቱቦ ይያዙ። ገንዘቡ ካልበቃ ጭሱ ከተጣመመበት ይጀመር።

ዞኮሎው ተነቅሎ ከጀርባው ገመድ ከተጠቀጠቀ በኋላ ግድግዳው ላይ ይመታል፤ ወለሉ ላይ ከተመታ ከጣውላው ጋር እየተጎተተ ይከፈታል። ተረጭቶ የሚያብጠው ፎም ለቧንቧ ዙሪያ ብቻ ነው፤ አይጥ ስለሚበላው ከሥሩ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይጠቅጠቅ።

በእርጥብ ጣውላ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ማንጠፍ ብርዱን ለጊዜው ያቆማል፤ እርጥበቱን ግን አፍኖ ጣውላውን ያበሰብሳል። ወለሉ ከታሸገ በኋላ ደግሞ የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብቶ መተኛት ከበፊቱ የበለጠ አደገኛ ነው፤ የከሰሉን መርዛማ ጋዝ ያሳሳ የነበረው ንፋስ አሁን የለም።