እንግዳ ከነውሻው ሲመጣ፦ የጎንደር ሆቴሎችና ሎጆች እንዴት ይወስኑ?

ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ ክፍል ከመያዙ በፊት «ውሻ ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ መጠየቁ እየተለመደ መጥቷል። ብዙ ሆቴሎች ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ መልስ ስለሌላቸው ጉዳዩ በዕለቱ እንግዳ መቀበያ ላይ በተገኘው ሠራተኛ ፈቃድ ይወሰናል። ዛሬ የተፈቀደው ነገ ይከለከላል፤ ለአንዱ የታለፈው ለሌላው ጠብ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሆቴልና የሎጅ ባለቤቶች ወይም ሥራ አስኪያጆች ውሻ ለመፍቀድ ወይም ለመከልከል ሲወስኑ ምን ምን መመልከት እንዳለባቸው፣ ከፈቀዱም ሥራውን እንዴት እንደሚመሩት የሚያስረዳ ነው።

ውሻው ቀኑን የት ይውላል?

ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ለመዝናናት ብቻ በተሠራ ሪዞርት እንግዳው ከውሻው ጋር ግቢ ውስጥ ይውላል። ወደ ጎንደር የሚመጣው ግን በአብዛኛው ለጉብኝት ነው፤ ጠዋት ፋሲል ግቢን፣ ቀጥሎ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣሪያ ሥዕሎች፣ ከሰዓት በኋላ ቁስቋምን ያያል፤ በማግሥቱም ወደ ስሜን ተራሮች ይነሣል። እነዚህ ውሻ አስከትለው የሚዞሩባቸው ስፍራዎች አይደሉም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ውሻ ይዞ መግባትማ ከነጭራሹ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ደንብ ካልተበጀለት በቀር እንግዳው ውሻውን ክፍል ውስጥ ቆልፎበት ይወጣል። በማያውቀው ቤት ብቻውን የቀረ ውሻ ደግሞ ይጮኻል፣ በሩን ይቧጭራል፣ ምንጣፉ ላይ ይሸናል፤ ስሞታው የሚመጣውም ከባለ ውሻው ሳይሆን ግድግዳ ከሚጋራው እንግዳ ነው።

በእኔ አስተያየት መልሱን የሚወስነው የግቢው አሠራር ነው። ክፍሎቹ በፎቅ ላይ ተደራርበው፣ በአንድ ኮሪደርና በአንድ ደረጃ የሚገለገሉበት የከተማ ሆቴል «አንቀበልም» ብሎ በግልጽ ቢናገር ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ውሻው በወጣና በገባ ቁጥር ሕፃናትን፣ ውሻ የሚፈሩ ሰዎችንና ለሶላት ውዱእ አድርገው የሚያልፉ እንግዶችን መንካቱ አይቀርም። በሰፊ ግቢ ውስጥ ተራርቀው የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው ወደ ውጭ የሚከፈት የራሳቸው በር ያላቸው ጎጆዎች ያሉት ሎጅ ግን፣ ለምሳሌ በጎርጎራ በኩል በጣና ዳር የሚገኝ፣ ከበሩ አጠገብ ያሉትን አንድ ሁለት ክፍሎች ለዚሁ ለይቶ ሊፈቅድ ይችላል።

የራስዎን የጥበቃ ውሾች አይርሱ። አብዛኛው ግቢ ማታ የሚለቀቁ ውሾች አሉት፤ እነዚህም በግቢያቸው እንግዳ ውሻ አይወዱም። የሚለቀቁበት ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ የእንግዳው ውሻ ለመጨረሻ ጊዜ የሚወጣው ከዚያ በፊት መሆን አለበት፤ ዘበኛውም ሳይነገረው ሰንሰለት እንዳይፈታ። ከከተማው ዳር ባሉ ግቢዎች ሌሊት ጅብ እንደሚዞር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ውሻውን በረንዳ ላይ አስሮ ሊተኛ ስለሚችል፣ ይህንንም በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

በስሜን በኩል ያሉ ሎጆች

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በሚገኘው በደባርቅና ከዚያ ወዲያ በፓርኩ ዙሪያ ላሉ ሎጆች የማቀርበው ምክር አጭር ነው፤ አይፍቀዱ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነው። የዚህ እንስሳ ቁጥር በጠቅላላው ጥቂት መቶ ብቻ ሲሆን፣ በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በተለያዩ ጊዜያት ብዙዎቹን ፈጅቷል። «ውሻዬ ተከትቧል» የሚለው መልስ እዚህ በቂ አይሆንም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቀበሮዎቹን የሚገድለውን ሌላውን የውሾች በሽታ፣ ዲስቴምፐርን፣ አይከላከልምና። ወደ ስሜን የሚሄድ እንግዳ ውሻውን አዲስ አበባ እንዲተው ገና ስልክ ሲደውል ሊነገረው ይገባል።

የክትባት ካርዱን ማንበብ

ውሻ ለመቀበል ለወሰነ ሆቴል ዋናው ሥራ ይህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን፣ በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ካርድ የሌለው ውሻ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን አይገባም።

ሠራተኛው ካርዱን ተቀብሎ ማኅተም መኖሩን ብቻ አይቶ መመለስ የለበትም። በካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀለም፣ ፆታና ዕድሜ ፊቱ ከቆመው ውሻ ጋር ያመሳክር፤ «ጥቁር ሴት» የሚል ካርድ ይዞ ቡናማ ወንድ ውሻ የመጣ እንደሆነ ካርዱ የሌላ ውሻ ነው። ቀጥሎ የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩ፣ የተሰጠበት ቀንና የሐኪሙ ፊርማ መኖራቸውን ይመልከት። ክትባቱ ከተሰጠ ከዓመት በላይ ከሆነ፣ ካርዱ ራሱ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚያገለግል ካልገለጸ በቀር፣ መታደስ አለበት። የመጀመሪያ ክትባት ከሆነ ደግሞ ከተሰጠ ቢያንስ 21 ቀን ሊሞላው ይገባል፤ ትናንት ተወግቶ ዛሬ የመጣ ውሻ ገና አልተጠበቀም። ክትባቱ በተለምዶ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ስለሚሰጥ ከዚያ በታች ያሉ ቡችሎችን አለመቀበል ይመረጣል፤ የሚያሳዝነው ግን እንግዶች አጥብቀው የሚለምኑት ለእነዚሁ መሆኑ ነው።

የዓመት እድሳት ብቻ የጎደለው እንግዳ ክትባቱን እዚያው በሚኖርበት ከተማ አስከትቦ እንዲመጣ ከጉዞው በፊት ቢነገረው ከደረሰ በኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል። ምርጫዬ ካርዱ አስቀድሞ በቴሌግራም ፎቶው እንዲላክ ነው። የስልክ ንግግሩም ከሞላ ጎደል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጋሼ፣ ውሻዎን ይዘው መምጣት ይችላሉ። የክትባት ካርዱን ፎቶ ቢልኩልን ምድር ላይ ያለውን ክፍል እንይዝልዎታለን። ነገር ግን ለጉብኝት ሲወጡ ብቻውን ክፍል ውስጥ እንዲቀር አንፈቅድም።»

«ታዲያ ፋሲል ግቢ ስገባ ማን ይይዝልኛል?»

«እርስዎ ሲገቡ እትዬ ከውሻው ጋር ይቆያሉ፤ እሳቸው ሲገቡ ደግሞ እርስዎ።»

በዚህ የማይስማማ እንግዳ ስልኩ ላይ እያለ ቢቀር ለሁለቱም ወገን ይበጃል። «ሠራተኛችን ይይዝልዎታል» የሚለውን ግን ፈጽሞ አያቅርቡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት በመጀመሪያ ባለቤቱን ተጠያቂ የሚያደርግ ቢሆንም፣ ውሻውን ተረክቦ የያዘ ሰው ኃላፊነት ሊከተለው ይችላል፤ ለጥቂት ብር ጉርሻ ተብሎ የሚገባበት አይደለም።

ደንቡ ምን ይያዝ?

ደንቡ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ፣ እንግዳውም ሲገባ ቢፈርምበት መልካም ነው። ውሻው ከክፍሉ ውጭ ሁልጊዜ በማሰሪያ ይያዛል፤ ምግብ ቤት፣ ወጥ ቤትና ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና የሚፈላበት ቦታ አይገባም፤ አልጋ ላይ አይወጣም፤ ዓይነ ምድሩን ባለቤቱ ራሱ አንሥቶ በተዘጋጀው ማጠራቀሚያ ይጥላል። ዓይነ ስውር እንግዳን የሚመራ የሠለጠነ ውሻ ከዚህ ይለያል፤ እሱን ከባለቤቱ መነጠል ሰውየውን ማሰናከል ስለሆነ ክትባቱ እስከተሟላ ድረስ ባለቤቱ በሚገባበት ሁሉ ሊገባ ይገባዋል።

ባለቤቱ የሚያውቀው ሰው ቢመጣም ደንቡ አይለወጥ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ለአንድ ወዳጅ የታለፈ ነገር በሚቀጥለው ሳምንት የሁሉም ጥያቄ ይሆናል።

የተራረፈ ምግብን በተመለከተ ሠራተኞችን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ደግ አስተናጋጅ «ያሳዝናል» ብሎ የዶሮ ወጥ ትራፊ ከነአጥንቱ ሊሰጠው ይችላልና። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል፤ የወጣችን መሠረት የሆነው ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል የሚጎዳ መርዝ ነው። በእርድ ቀን ጥሬ ሳንባና ጉበት መስጠትም መቆም አለበት፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው የውሃ ከረጢት ውሻው ውስጥ ገብቶ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሰውን ያሳምማል። ይህ ለሆቴሉ የራሱ የጥበቃ ውሾችም ይሠራል።

ከጥር 9 እስከ ጥር 13 ድረስ ውሻ አለመቀበል ይገባል። የጥምቀት ሰሞን ሆቴሉ ይሞላል፣ ጎዳናው በሕዝብ ይጨናነቃል፤ ከበሮውና እልልታው ያስበረገገው ውሻ ከእጅ ካመለጠ በዚያ ሕዝብ መካከል የሚያገኘው የለም።

ሠራተኛውና ክፍሉ

ክፍሉን የምታጸዳው ሠራተኛ ሳትጠየቅ መወሰን አይገባም። ከልጅነቷ ጀምሮ ውሻ የምትፈራ ልትሆን ትችላለች፤ ሙስሊም ከሆነችም የውሻ ምራቅ የነካው ልብስና ዕቃ ሳይታጠብ ሶላት ለመስገድ ትቸገራለች። ፈቃደኛ የሆነ ሠራተኛ ይመደብ፣ ለተጨማሪው ድካም ተጨማሪ ይከፈል፤ ውሻው ክፍል ውስጥ እያለም ማንም አይግባ።

ለውሻ የሚመደበው ክፍል ወለሉ ሴራሚክ ቢሆን፣ ምንጣፍም ባይኖረው ይመረጣል። ሁልጊዜ ያው ክፍል ይሁን፤ የውሻ ፀጉርና ፎረፎር የሚያስነሣው አለርጂ ከጽዳት በኋላም ለወራት ስለሚቆይ አስም ያለበት እንግዳ እዚያ መግባት የለበትም። ሽንት ሲገኝ የብዙዎቻችን እጅ ወዲያው ወደ በረኪና ይሄዳል፤ ይህ ስህተት ነው። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። በቅድሚያ በጨርቅ ይመጠጥ፣ በውሃና በኦሞ ይታጠብ፣ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይለቅለቅ፤ በረኪናው በውሃ ተበጥብጦ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው። አንሶላና ብርድ ልብሱ ከሌላው ሳይቀላቀል ከ60 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት ይታጠብ፤ የፍራሹ ስፌትና የአልጋው ሥር ቁንጫና መዥገር እንዳለ በባትሪ ይታይ።

ውሻው ሰው ቢነክስ

ቁስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። በርበሬ፣ የቡና ዱቄት ወይም ቅጠል አይደረግበት፤ የተነከሰው ሰውም ሳይዘገይ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ቢኖር ከሕክምናው ጎን እንጂ በሕክምናው ፋንታ መሆን የለበትም። ውሻው ተቆጥቶ የተነሣ ሰው እንዳይገድለው ይጠበቅ፤ ታስሮ ለ10 ቀን በእንስሳት ሐኪም ክትትል ሥር መቆየቱ ለታካሚው ሐኪም የሚጠቅም መረጃ ይሰጣል። የካርዱ ፎቶ አስቀድሞ በሆቴሉ እጅ መኖሩ የሚጠቅመውም በዚህ ሰዓት ነው።

ክፍያና መሰናበቻ

ለውሻው የሚከፈለው ከክፍሉ ዋጋ ተለይቶ በደረሰኝ ላይ ለብቻው ይጻፍ፤ ከዚህ ሌላ ለጉዳት መጠበቂያ የሚሆን መያዣ ይወሰድ። መጠኑ አንድ ፍራሽ ለማሳጠብና ለአንድ ሌሊት ክፍሉን ከገበያ ለማውጣት የሚበቃ ቢሆን ተመጣጣኝ ነው። እንግዳው ሊሄድ ሲል ሠራተኛዋና እሱ አብረው ክፍሉን ይዙሩ፤ የበሩ ግርጌ፣ የመጋረጃው ጫፍና የሶፋው እግር ይታዩ፤ የተበላሸ ከሌለ መያዣው እዚያው በር ላይ፣ ሳይቀናነስ ይመለስ። ክፍሉም ለሚቀጥለው እንግዳ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ተከፍቶ ይናፈስ።