ቲክ ያለበትን ልጅ ሐኪም ጋ ከመውሰድዎ በፊት

ልጅዎ ዓይኑን ደጋግሞ ያርገበግባል? ትከሻውን ይሰብቃል? ጉንፋን ሳይዘው ጉሮሮውን ይጠርጋል? ቲክ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም ልጁ ሳያስበው በድንገት የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው። ችግሩ፣ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይታይም። ልጆች ለትንሽ ጊዜ አፍነው ሊይዙት ይችላሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያዩት ነገር ትልቅ ዋጋ አለው።

ከቀጠሮው በፊት ለ1 ሳምንት ማታ ማታ ይመዝግቡ። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነበር? ስንት ጊዜ? ምን ያህል ጎላ ብሎ ታየ? ከጨዋታው ወይም ከጥናቱ አቋረጠው? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የዬል መለኪያም የቲኩን ዓይነት ብዛት፣ ድግግሞሽና ጥንካሬ የሚመዝነው ከ0 እስከ 5 ነው።

ቲክ ይብሳል፣ ደግሞ ይቀንሳል። የአንድ ቀን መክፋት ሳምንቱን እንዳይሸፍንብዎት። እናትና አባት ለየብቻ ቢሞሉ ደስ ይለኛል፤ ልዩነቱ ራሱ ለሐኪሙ ይጠቅማል። በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮም ይያዙ።

አደራ፣ ልጁ እያየ አይቁጠሩ። «ተው!» አይበሉት። ትኩረት ሲበዛበት ቲኩ ሊብስ ይችላል። ይልቅ ዘና ሲል ቀስ ብለው ይጠይቁት፦ ከመምጣቱ በፊት የሚያሳክክ ወይም የሚያስጨንቅ ስሜት አለው? ያንን ከእሱ በቀር ማንም አያየውም።