መስከረም በበርሊን፦ ከሩጫው ዳር የት ልቁም?

ነሐሴ ሲገባደድ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከፍራንክፈርት፣ ከኮሎኝ፣ አንዳንዴም ከስቶክሆልም ይደወላል። «ለማራቶኑ ልንመጣ ነው፣ የት ነው የምንቆመው?» ይሉኛል። በርሊን ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ፈረቃዬን ለምኜም ቢሆን አስቀይራለሁ እንጂ የማራቶኑ እሁድ አታመልጠኝም። ኮሮና ካስቀረው ከ2020 በቀር በየዓመቱ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው ብዬ የማውቀውን እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹን በፈረንጅ፣ ሰዓቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ለጀርመኑ ሰዓት 6 ደምሩ።

ውድድሩ የሚካሄደው በሴፕቴምበር የመጨረሻዎቹ እሁዶች ባንዱ ነው። ስለዚህ ከመስቀል ጋር ጎረቤት ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በ2:03:59 ገብቶ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቀኑ መስከረም 18 ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በ2:01:41 ሲያሸንፍም መስከረም 18 ነበር። ሁለቱም በመስቀል ማግስት! እኔ ለዚህ ነው ማራቶኑንና መስቀልን ለይቼ የማላያቸው። መስከረም 16 ማታ እኛ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ትንሽ ደመራ ትበራለች። አደይ አበባ የለም። እናቶች ከአበባ ሱቅ ሱፍ አበባ ይገዙና ችቦው ላይ ያስሩታል። ነጠላው ከወፍራም ጃኬት በላይ ይደረባል። ከውጭ ከተማ የምትመጡ ከሆነ ቀኑ ሲገጥም ደመራውንም እንድትደርሱበት አስባችሁ ኑ። አልጋ ግን ቀድማችሁ ያዙ። የሚሮጠው ሰው ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ነው፣ ሁሉም ቤተሰቡን አስከትሎ ይመጣል። ዘመድ ካላችሁ ዘመድ ቤት እደሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ።

ብራንደንቡርግ በር ጋ አትቁሙ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እዚያ ነው፣ እኔም የመጀመሪያው ዓመት እንደዚያው አደረግኩ። መጨረሻው መስመር ከበሩ አልፎ ነው፣ ፎቶው ላይ የምታዩት እሱን ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሄጄ፣ በብርድ ቆሜ፣ የሰው ጀርባና ከፍ ከፍ ያለ ስልክ አይቼ ተመለስኩ። አሸናፊው ማን እንደሆነ የነገረችኝ ቤት የቀረችው ጓደኛዬ ናት፣ በቴሌቪዥን አይታ።

ሩጫው 42 ኪሎ ሜትር አለው። መንገዱ ሁሉ ነጻ ነው፣ ትኬት የለም፣ አጥርም የሌለበት ብዙ ቦታ አለ። መቆም ያለባችሁ ሯጩ ሰው በሚያስፈልገው ቦታ ነው። እሱ ደግሞ ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነው።

28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ቪልደር ኤበር የሚባል አደባባይ አለ። ከመሃል ከተማ ይርቃል፣ ግን ከበሮው፣ ጭፈራው፣ የሰፈሩ ሰው ጩኸት ልዩ ነው። በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በኡ-ባን 3፣ ሄዳችሁ ብራይተንባህፕላትስ ጣቢያ ወርዳችሁ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ትሄዳላችሁ። ሩጫው የሚጀመረው 3:15 ላይ ነው። ቀዳሚዎቹ ወንዶች አንዱን ኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው የሚጨርሱት፣ ስለዚህ 4:37 ገደማ እዚያ ይደርሳሉ። ቀዳሚዎቹ ሴቶች ከ7 እና ከ8 ደቂቃ በኋላ ይከተላሉ። እናንተ ከ4:15 በፊት ቦታ ያዙ።

ሁለተኛው ቦታ የእኔ ነው፦ ኩርፉርስተንዳም፣ እኛ ኩዳም የምንለው ሰፊው ጎዳና። እዚያ ሲደርሱ 33 ኪሎ ሜትር አልፈዋል። ከውኃ ማደያው ጠረጴዛ ጥቂት አለፍ ብላችሁ ቁሙ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሯጩ ውኃውን ሲያነሳ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ያኔ ፊቱን ታያላችሁ። ብዙኃኑ ሲደርስ ደግሞ መሬቱ በፕላስቲክ ኩባያ ይሸፈናል። በሺህ የሚቆጠር ጫማ ኩባያውን ሲረግጠው የሚሰማው ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። በቴሌቪዥን ይህ አይሰማም።

2019 ላይ እዚያው ነበርኩ። ዝናብ ነበር። መጀመሪያ ብርሃኑ ለገሰ አለፈ። ቀነኒሳ ከኋላው ነበር፣ ተነጥሏል። ልቤ ስብር አለ። አጠገቤ የነበሩት ወንዶች «በቃ፣ ዕድሜም አለ» አሉ። እኔ ግን «ቀነኒ! አይዞህ! ገና ነው!» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ከዚያ ዝም ብለን ቆምን። ጓደኛዬ ዣንዳርመንማርክት አደባባይ አጠገብ ነበረች፣ ወደ መጨረሻው። ስልኬ ጮኸ። «ብቻውን ነው! ቀነኒሳ ብቻውን ነው!» ትላለች፣ እያለቀሰች። ደርሶበት፣ አልፎት ሄዷል። የገባው ከዓለም ክብረ ወሰኑ በ2 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ ነው። ብርሃኑ ሁለተኛ፣ ሲሳይ ለማ ሦስተኛ ሆኑ። ሦስቱም የእኛ! የማላውቀውን ሰው አቅፌ ዘለልኩ፣ ጃንጥላዬንም እዚያው ረሳሁት።

ስለ ሴቶቹ አንድ ነገር ልብ በሉ። በርሊን ላይ ሴቶችና ወንዶች አብረው ነው የሚነሱት። ቀዳሚዋ ሴት ብዙ ጊዜ በወንድ አሯሯጮች ተከባ ነው የምታልፈው። «ወንዶች ናቸው» ብላችሁ ዓይናችሁን ካነሳችሁ አመለጠቻችሁ። ቀዳሚዎቹ ደረታቸው ላይ በቁጥር ፋንታ ስማቸው ተጽፏል፣ እሱን ፈልጉ። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በ2:11:53 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰኑን ከ2 ደቂቃ በላይ ስታሻሽል ብዙ ሰው ወንዶቹን ብቻ እያየ ነበር። ትዕግስት እኮ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች! ጌጤ ዋሚ በ2006 እና በ2007 አሸንፋለች። አበሩ ከበደ ሦስት ጊዜ። በ2024 ደግሞ ሚልኬሳ መንገሻና ትዕግስት ከተማ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ወሰዱት። ስም ይዛችሁ ሂዱ። ሳምንቱን የተሳታፊዎቹን ዝርዝር አንብቡ፣ በወረቀት ጻፉ፣ ለልጆቻችሁም አስጠኑ።

ባንዲራ ማውለብለብ ጥሩ ነው፣ ግን ሯጩ የሚሰማው ስሙን ነው። «በርታ!»፣ «በርቺ!»፣ «አይዞሽ!» በሉ። ከአምቦ የመጣች ጓደኛዬ «ጀባዱ!» ማለትን አስተማረችኝ፣ በኦሮምኛ «በርታ» ማለት ነው። ብዙዎቹ አትሌቶቻችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲጠሩ ልዩ ነው። አንድ ዓመት ከቀዳሚዎቹ በጣም ወደ ኋላ የቀረች አንዲት ልጅ ለብቻዋ ስትመጣ አየሁ። ፊቷ ጭምድድ ብሏል፣ ዓይኗ አስፋልቱ ላይ ነው። ካሜራ የለም፣ መኪና የለም። ስሟን አንብቤ ጠራኋትና «ጀባዱ እህቴ!» አልኳት። ራሷን አላዞረችም። ከወገቧ አጠገብ ሁለት ጣቷን ብቻ ብድግ አደረገች። ኢምንት ነገር ናት። እኔ ግን ያቺን ጣት ከብዙ ሜዳሊያ አስበልጣታለሁ።

የምትጠብቁት ዘመዳችሁን ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ሩጫው 4 ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ሰው ቪልደር ኤበርን ካለፈ በኋላ እናንተ ተመልሳችሁ በዚያው ኡ-ባን 3 ቪተንበርግፕላትስ መውረድ ትችላላችሁ። እዚያ 35ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ እንደገና ታገኙታላችሁ። ለቀዳሚዎቹ ግን አትሞክሩት፣ ባቡሩን ይቀድማሉ። የውድድሩን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ዘመዳችሁ የት እንደደረሰ ያሳያል። ሰው ስለሚበዛ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ስለዚህ «ከውኃው ጠረጴዛ ቀጥሎ፣ በስተቀኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተቀጣጠሩ። መንገዱን አቋርጬ እሻገራለሁ አትበሉ፣ ሯጭ ተጠልፎ ይወድቃል። በኡ-ባን ጣቢያው በአንዱ ደረጃ ወርዳችሁ በሌላው ውጡ፣ ብዙዎቹ ጣቢያዎች በሁለቱም ወገን መውጫ አላቸው።

ጠዋቱ ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ ሊወጣ ይችላል። ደራርባችሁ ልበሱ። ቡና በፔርሙዝ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ በኪስ። ልጆች ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት አምጧቸው። በዚያው ጎዳና የሮለር ጫማ ማራቶን አለ፣ ሲከንፉ ማየት ለልጅ ትንግርት ነው። አስፋልቱ ላይ ሰማያዊ መስመር ተቀብቶ ታያላችሁ፣ የሩጫው አጭሩ መንገድ ነው። የእህቴ ልጅ እሱን ተከትላ እየሮጠች ቤት አልገባም ብላን ነበር።

ቀዳሚዎቹ አለፉ ብላችሁ ቶሎ አትሂዱ። ብዙ ወገኖቻችን የሚሄዱት ያኔ ነው፣ እኔን ደግሞ ያሳዝነኛል። በሥራ ቦታዬ የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በ1990 ማራቶኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በብራንደንቡርግ በር ሥር ሲያልፍ ከሯጮቹ አንዱ ነበሩ። ሁለቱ ጀርመኖች ሊዋሐዱ 3 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። በበሩ ሲያልፉ ሰዓታቸውን ረስተው ቆመው ድንጋዩን በእጃቸው እንደነኩት ነገሩኝ። አንድ ዓመት በዊልቸር ወደ ሩጫው ዳር ወሰድኳቸው። ቀዳሚዎቹን ብዙም አላዩም። የእሳቸው ዓይን 5 ሰዓት የሚፈጅባቸው ላይ ነበር፣ በእግራቸው የሚጎተቱት፣ የሚያለቅሱት ላይ። ለእያንዳንዱ ያጨበጭቡ ነበር፣ እጃቸው እስኪደክም። ከዚያ ወዲህ እኔም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳልቆይ ወደ ቤት አልሄድም።

ከማራቶኑ ውጪ ያለውን በአጭሩ ልበል።

እንቁጣጣሽ ሰሞን፣ በሴፕቴምበር ሁለተኛው እሁድ፣ በመላው ጀርመን ታሪካዊ ሕንፃዎች በነጻ የሚከፈቱበት ቀን አለ፣ ታግ ዴስ ኦፈነን ዴንክማልስ ይባላል። በሌላ ጊዜ የማትገቡበት የድሮ ፋብሪካ፣ የውኃ ማማ፣ የግል ቤት ይከፈታል። አንዳንዱ ቀድሞ መመዝገብ ስለሚፈልግ ፕሮግራሙን ከሳምንት በፊት እዩ።

ኳስ ለምትወዱ፣ የኡኒዮን ክለብ ስታዲየም አልተ ፎርስተራይ 22 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል፣ አብዛኛው ቆሞ ነው የሚያየው። በ2008 እና በ2009 ከ2 ሺህ በላይ ደጋፊዎች በገዛ እጃቸው አደሱት። ሲዘፍኑ ስትሰሙ ይገባችኋል። ትኬቱ ግን ለአባላት ቅድሚያ ስለሚሰጥ ከባድ ነው። ሌላው የከተማው ክለብ ሄርታ የሚጫወትበት ኦሊምፒያስታዲዮን ከ74 ሺህ በላይ ይይዛል፣ ትኬትም ይቀላል። ጨዋታ ባይኖርም ገብታችሁ ሰማያዊውን መሮጫ እዩት። በ2009 የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን በአንድ ላይ ያሸነፈው እዚያ ላይ ነው። እኔ ጫፉ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ፣ ብዙ ደቂቃ።

ኦክቶበር 3 የውሕደት ቀን ነው፣ ሥራ ዝግ ነው። በዚያው ቀን በየከተማው መስጊዶች ለጎብኚ በራቸውን ይከፍታሉ፣ ሻይና ኬክ ያቀርባሉ። ቆየት ብሎ በዚያው ወር የመብራት ፌስቲቫል አለ፣ ብራንደንቡርግ በርና ሌሎች ሕንፃዎች በማታ በብርሃን ሥዕል ይሸፈናሉ። ነጻ ነው። በሥራ ቀን ሂዱ፣ ቅዳሜ መራመጃ የለም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ባቡር ጣቢያ ስትሄዱ ደረጃ በጀርባው የሚወርድ ሰው ካያችሁ አትገረሙ። እግሩ በፊት ለፊት አልወርድ ብሎት ነው። ሻንጣውን ተቀበሉት፣ ባቡር ውስጥም ወንበር ልቀቁለት።