ቫሪያክ ሲበራ ብሬከር ለምን ይወርዳል? ችግሩና መፍትሄው

በሰበታ፣ በገላንና በለገጣፎ አካባቢ በጥገና ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሱት ችግር አለ። የቫሪያኩ (መዞሪያው ሲዞር የሚወጣውን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፎርመር) ማብሪያ ሲጫን መሣሪያው አንድ ጊዜ ጎርነን ያለ ድምፅ ያሰማል፣ የቤቱ አምፖል ለቅጽበት ደብዘዝ ይላል፣ ብሬከሩም ይወርዳል። ብሬከሩ ተመልሶ ሲነሳ ግን ቫሪያኩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በደህና ሊሠራ ይችላል። አንዴ የሚጥል፣ አንዴ የማይጥል መሆኑ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ኮይሉ ውስጥ ሾርት ቢኖር ኖሮ ብሬከሩ በእያንዳንዱ ሙከራ ይወርድ ነበርና።

ይህን ለማረጋገጥ ከቫሪያኩ መውጫ ላይ ማንኛውንም ዕቃ ነቅለው 100 ዋት የሆነ የድሮ ባለክር አምፖል በመግቢያው መስመር ላይ በተከታታይ ያገናኙ። የኤል ኢ ዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ቫሪያኩ ጤነኛ ነው። ደምቆ ከቀጠለ ግን የካርቦኑ (ከመዞሪያው ጋር በኮይሉ ላይ የሚንሸራተተው መገናኛ) መሄጃ ላይ የጠቆረ ወይም የተጣበቀ ሽቦ ይፈልጉ፤ የሽቦዎቹ ሽፋን ተበልቶ እርስ በርስ የሚነካኩት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ጤነኛ ቫሪያክ ብሬከር የሚጥለው በብረቱ ጠባይ ነው። ቀለበት ሆኖ የተጠቀለለው ብረት ክፍተት ስለሌለው መብራት ሲጠፋ የተወሰነ ማግኔት ይዞ ይቀራል። ማብሪያው የሚበራው ቮልቴጁ በዜሮ በኩል በሚያልፍበት ቅጽበት ከሆነ፣ በብረቱ ውስጥ ያለው የማግኔት ፍሰት ከተለመደው እጥፍ ድረስ ለመውጣት ይገደዳል፤ የቀረው ማግኔት በዚያው አቅጣጫ ከተጨመረበት ብረቱ በማግኔት ይሞላል፣ ኮይሉም ተራ የመዳብ ሽቦ ይሆናል። ያኔ የሚገባው ከረንት ከመደበኛው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ማብሪያው ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሳለ ከበራ ግን ይህ ግፊት እጅግ ያነሰ ይሆናል።

ብዙዎች መዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርጎ ማብራት መፍትሄ ይመስላቸዋል። ኮይሉ ግን ካርቦኑ የትም ይሁን የት ሙሉ በሙሉ ከ220 ቮልቱ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ዜሮው የሚጠብቀው መውጫው ላይ ያለውን ዕቃ እንጂ መግቢያውን አይደለም።

በ16 አምፔር ብሬከር ፋንታ 32 አምፔር መተካት ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው 2.5 ካሬ ሽቦ ጥበቃ ያጣል። አምፔሩን ሳይነኩ ከቢ ወደ ሲ ዓይነት መቀየር ግን ተገቢ ነው፤ ቢ ከተጻፈበት አምፔር ከ3 እስከ 5 እጥፍ፣ ሲ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ባለ ከረንት ወዲያውኑ ይወርዳልና። ዲ ዓይነትን በከተማ ዳር አልመክርም። 16 አምፔር የሆነ ዲ ብሬከር ወዲያው እንዲወርድ እስከ 320 አምፔር ሊፈልግ ይችላል፤ ከትራንስፎርመር ርቆ በቀጭን ሽቦ የሚመጣ መስመር ደግሞ በእውነተኛ ሾርት ጊዜ እንኳ ይህን ያህል ላያሳልፍ ይችላል።

ዘላቂው መፍትሄ ሬዚስተርና ታይመር ሪሌይ (ጊዜ ጠብቆ ኮንታክቱን የሚያገናኝ ማብሪያ) ነው። ለ2 ኪሎ ቮልት አምፔር ቫሪያክ 33 ኦም፣ 50 ዋት የሆነ ባለሽቦ ሬዚስተር ከመግቢያው ጋር በተከታታይ ይገባል። የ220 ቮልት ጫፍ 311 ቮልት ስለሆነ ከረንቱ በምንም ሁኔታ ከ9.5 አምፔር አያልፍም። ከግማሽ ሰከንድ በኋላ የሪሌዩ ኮንታክት ሬዚስተሩን በጎን አልፎ ሙሉ መስመር ይሰጣል። በዚያች ግማሽ ሰከንድ መዞሪያው ዜሮ ላይ መሆን አለበት፤ ዜሮው በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ሪሌዩ ሳይሠራ ቢቀር ሬዚስተሩ እንዳይነድ የሙቀት ፊውዝ አካሉ ላይ አስጠግተው ይሰሩለት።

በርካሽ የሚገኘው ኤን ቲ ሲ የተባለው የሬዚስተር ዓይነት ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ስለሚወርድ፣ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር አያስተማምንም፤ ሳይበርድ መብራቱ ከተመለሰ የሚገድበው ከረንት የለም። ሪሌዩ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ስለሚለቅ እያንዳንዱ አነሳስ በሬዚስተሩ በኩል ይሆናል። ሰርቮ ስታቢላይዘርም (ቮልቴጁን በሞተር እያስተካከለ የሚያረጋጋው) ውስጡ ቫሪያክ ስለሆነ ለእርሱም ይሠራል፤ ልዩነቱ ግን መብራት ሲመለስ ዕቃው አብሮ እንዳይነሳ መውጫውን ዘግየት ብሎ የሚያገናኝ ሁለተኛ ሪሌይ ያስፈልገዋል።

ከገጠሙ በኋላ ቫሪያኩን ለጥቂት ደቂቃ በጭነት ያሠሩት፤ ከዚያ ከሶኬት ነቅለው ሬዚስተሩን ይንኩ። ቀዝቃዛ ሊሆን ይገባል። ከሞቀ ኮንታክቱ በትክክል አልዘጋምና ሪሌዩን ይቀይሩ።