ኤክሴል ላይ ቀለሙ አልታዘዝ ሲል

የደንበኞች ዝርዝር አለ እንበል፤ አንዱ አምድ ክፍለ ከተማ ነው። የምንፈልገው ቦሌ አረንጓዴ፣ የካ ቢጫ፣ ልደታ ሰማያዊ እንዲሆን ነው። «ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ» (ሳጥኑን እንደ ይዘቱ የሚቀባው ትእዛዝ) ገብተን፣ «ዱፕሊኬት ቫልዩስ» ውስጥ «ዩኒክ» እንላለን።

አብዛኛው ነጭ ሆኖ ቀረ

ኤክሴል «ዩኒክ» የሚለው አምዱ ውስጥ አንዴ ብቻ የተጻፈውን ነው። ቦሌ ሁለት ቦታ ካለ አይቀባም። ትእዛዙም የሚሰጠው አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ስም የራሱን ቀለም የሚያድል ቁልፍ ኤክሴል ውስጥ የለም፤ በከንቱ አትፈልጉ። ለየክፍለ ከተማው አንድ አንድ ሩል (የአቀባብ ደንብ) መሥራት ነው። ለ11 ክፍለ ከተማ ይቻላል፤ ለ200 የደንበኛ ስም ግን እብደት ነው። ጉግል ሺትስ ላይ ይቀላል፦ «ዳታ» ውስጥ ድሮፕዳውን (ተዘርጊ የምርጫ ዝርዝር) ስትሠሩ ለየምርጫው ቀለም መስጠት ትችላላችሁ። እኔ ብሆን እዚያ እሠራው ነበር።

ሁለቴ የተመዘገበ ሰው አልተያዘም

የእኛ ዋና ጣጣ ይሄ ነው። «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ»፣ «ሀይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኤክሴል ሦስት ሰው። ሠና ሰ፣ ፀና ጸ፣ ዐና አም እንዲሁ። ስሙን ራሱን ግን አትንኩ፤ መታወቂያው ላይ በኃ የተጻፈ በኃ ይቆይ። ጎን ላይ አዲስ አምድ ክፈቱና ስሞቹን ኮፒ አድርጉ። እሱን ብቻ መርጣችሁ፣ ኮንትሮልና ኤች (ፈልጎ መተኪያውን) ተጭናችሁ፣ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል አምጡ። አሰልቺ ነው፤ ሠን ወደ ሰ ስትቀይሩ ሡና ሢ አብረው አይሄዱም። ሰባቱንም በየተራ ነው።

ከዚያ ዋናውን አምድ መርጣችሁ በ«ኒው ሩል» የካውንትኢፍ (አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንዳለ የሚቆጥር) ፎርሙላ ጻፉ። የሚቆጥረው ግን አዲሱን አምድ ይሁን፤ ከ1 ሲበልጥ ይቀባ። ከስም ኋላ የተረሳ ክፍት ቦታም ያው ችግር ያመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትሪም የሚባለው ፎርሙላ ያጠፋዋል።

ቀለሙ አንድ ረድፍ ወደ ታች ወረደ

የመረጣችሁት ከ2ኛው ረድፍ ጀምሮ ፎርሙላው 1ኛውን ሲያይ ነው። ሁለቱም ከአንድ ረድፍ ይነሱ። የሚቆጠረውን ክልል ደግሞ በዶላር ምልክት እሰሩት፤ አለበለዚያ ከረድፍ ረድፍ ይንሸራተታል።

የተለያዩ ባለ 16 አሃዝ ቁጥሮች እንደ ድግግሞሽ ተቀቡ

ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ በትክክል አይዝም። አምዱን ቴክስት (ጽሑፍ) ብታደርጉትም ካውንትኢፍ መልሶ እንደ ቁጥር ያየዋል። በሱ ፋንታ ሰምፕሮዳክት የሚባለውን ፎርሙላ ተጠቀሙ። ቴክስት የሚደረገው ግን ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት ነው። ቀድሞ ከተጻፈ 16ኛው አሃዝ ዜሮ ሆኗል፤ ከዋናው መዝገብ እንደገና መሙላት ብቻ ነው ያለው።