ትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም እንዴት ይጀመራል?

ትንሽ አኳሪየም ለጀማሪ ቀላል ይመስላል። ተቃራኒው ነው። ውሃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም፣ ጨዉም፣ ቆሻሻውም ቶሎ ይለዋወጣል፤ የባሕር ፍጥረት ደግሞ ድንገተኛ ለውጥ አይወድም። እንደዚያም ሆኖ በደንብ ይቻላል። ማታ ከሥራ ገብቶ ያንን ሰማያዊ ብርሃን ማየት እንዴት ደስ እንደሚል የጀመረው ያውቀዋል።

ከ40 ሊትር በታች የሆነውን ተዉት። ቦታና ገንዘብ ካላችሁ 75 ሊትሩን፣ አሜሪካ ያላችሁ 20 ጋሎን የምትሉትን ውሰዱ። ውሃው ብቻውን 77 ኪሎ ይመዝናል፣ ድንጋይና አሸዋ ሲጨመር መቶ ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ የቲቪ ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቡት። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብም አይሆንም፤ ይሞቃል፣ አልጌም ይወርሰዋል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ቴርሞስታት ያለው ማሞቂያ፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ፣ መብራት፣ የአኳሪየም ጨው፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ የውሃ መመርመሪያ ኪት። ሱቅ ስትገቡ ፕሮቲን ስኪመር የሚባል፣ ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ ነገር ግዙ ሊሏችሁ ይችላሉ። ለዚህ መጠን አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ ውሃ መቀየር ይበቃል። በዚያ ገንዘብ ሪፍራክቶሜትር የሚባለውን የጨዋማነት መለኪያ ግዙ። መርፌው ከፍ ዝቅ የሚለው የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ርካሽ ነው፣ ግን አንዲት የአየር አረፋ መርፌው ላይ ከተለጠፈች ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይነበባል። እናንተ ጨዋማነቱ 35 ነው (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው) ብላችሁ ስትረኩ ውሃው 32 ሊሆን ይችላል። ሪፍራክቶሜትር ላይ ሁለት ጠብታ ጣል አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ስታዩበት ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ ሆኖ ይታያል። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር ነው ቁጥሩ። እሱንም ቢሆን 35 ተብሎ በተዘጋጀ ማስተካከያ ፈሳሽ አልፎ አልፎ ፈትሹት።

ጨዉ የወጥ ቤት ጨው አይደለም። የአፋር ጨውም ቢሆን አይሆንም። ዋናው ነገሩ ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ የባሕር ውሃ ግን ካልሲየምም፣ ማግኒዥየምም፣ ሌላም ብዙ ነገር አለው። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ግዙ።

አሁን ውሃው። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ቀድቶ አንድ ሌሊት ማሳደር ይበቃል የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ይሄ የሚሠራው ውሃው በክሎሪን ብቻ ሲታከም ነው። ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ ብዙ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበትን ክሎራሚን ነው፤ እሱ ደግሞ ስላሳደሩት ተንኖ አይጠፋም። በዚያ ላይ ከቧንቧው መዳብ ሊመጣ ይችላል፣ መዳብ ቀንድ አውጣንና ኮራል የሚባለውን ተክል መሰል የባሕር እንስሳ ይገድላል። አርኦዲአይ በሚባለው፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ በሚያስቀር ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ተጠቀሙ። ማጣሪያውን ቤት ማስገባት ካልፈለጋችሁ ብዙ የአኳሪየም ሱቆች ውሃውን በጋሎን ይሸጣሉ።

ንጹሕ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲ ያዙ። መጀመሪያ ውሃውን ቅዱ፣ ፓምፕ አስገቡበት፣ ከዚያ ጨዉን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። በተቃራኒው፣ ጨው ላይ ውሃ ከደፋችሁ፣ ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። እንደየብራንዱ በሊትር ከ35 እስከ 40 ግራም ይፈልጋል። 25 ዲግሪ አካባቢ አሙቁትና እየተሽከረከረ ይደር። ጠዋት ለኩት። 35፣ ወይም በሌላኛው መለኪያ (የጨው ውሃው ከንጹሕ ውሃ አንጻር ስንት እጥፍ እንደሚመዝን በሚያሳየው) 1.026 ካለ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ውሃ ይተናል፣ ጨው አይተንም። ገንዳችሁ 40 ሊትር ውሃ ቢይዝ ውስጡ 1,400 ግራም ገደማ ጨው አለ። ሁለት ሊትር ቢተን ጨዉ እዚያው ነው፣ ውሃው ግን 38 ሊትር ሆኗል፤ ጨዋማነቱም ከ35 ወደ 37 ተጠጋ። ጎደለ ብላችሁ የጨው ውሃ ከጨመራችሁበት ደግሞ ሌላ 70 ግራም ጨው አስገባችሁ ማለት ነው። ይሄ በየሳምንቱ ሲደጋገም ቀንድ አውጣዎቹ መስታወት ላይ መውጣት ይተዋሉ፣ ኮራሎቹ ይኮማተራሉ፣ ባለቤቱ ግን ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ስለሆነ ምን እንደጎደለ አይገባውም። ቀይ ባሕር ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ፀሐዩ ያተነዋል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፣ ስለዚህ ሌላው ውቅያኖስ 35 አካባቢ ሲሆን እሱ 40 ይደርሳል። እዚያ ያሉት ዓሦች ለምደውታል። የእናንተዎቹ ግን በአንድ ሳምንት አይለምዱትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የጎደለውን የሚተካው ጨው የሌለበት፣ የተጣራ ውሃ ነው። ገንዳው በትክክል ሲሞላ መስታወቱ ላይ በማርከር ቀጭን መስመር አስምሩ። በየቀኑ፣ ቢቻል በተመሳሳይ ሰዓት፣ እስከዚያ መስመር ሙሉ። ብርዱ ሲመጣና የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው የምትጨምሩት መጠን ከፍ ይላል። አውቶማቲክ መሙያ መሣሪያም አለ። አቅም ካላችሁ ከምንም ዕቃ በፊት እሱን ግዙ፣ በዚህ አስተያየቴ ማንም አያስለውጠኝም። የጨው ውሃ የሚገባው በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀድታችሁ ስትቀይሩ ብቻ ነው።

ድንጋዩን ከሥር አስቀምጣችሁ አሸዋውን ዙሪያውን አፍስሱ፣ ያዘጋጃችሁትን የጨው ውሃ ሙሉ፣ ሁሉንም አብሩ። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ጎንበስ ይበሉ፤ ጠብታ ሲወርድባቸው ወለል ላይ ይፍሰስ እንጂ ሶኬት ውስጥ አይግባ።

ከዚያ መጠበቅ። ከዓሣና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፣ አሞኒያ መርዝ ነው። ድንጋዩና አሸዋው ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ እስኪባዙ በደረቅ ድንጋይ ለጀመረ ሰው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እነሱን የሚቀልብ አሞኒያ ያስፈልጋል፤ ለዚሁ ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን በሊትር 2 ሚሊግራም (2 ፒፒኤም) እስኪሆን ጨምሩ። በሌላ ጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያም ጊዜውን ሊያሳጥር ይችላል። ያንኑ መጠን አሞኒያ ጨምራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲያሳይ ዝግጁ ነው። እስከዚያ ዓሣ አታስገቡ። «አንድ ጠንካራ ዓሣ አስገብታችሁ ጀምሩት» የሚል ምክር አሁንም ይሰማል። ዓሣው መተንፈሻው እየተቃጠለ ነው የሚከርመው፤ እኔ አልስማማበትም። በኋላ አሸዋው ላይ ቡናማ ነገር ቢነጠፍ አትደንግጡ፣ ዳያተም የሚባል አልጌ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

መጀመሪያ የሚገቡት ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከሳምንታት በኋላ ዓሣ። ለ75 ሊትር ሁለት ክላውንፊሽ በቂ ነው፣ ለ40 ሊትር አንድ ትንሽ ጎቢ። ክላውንፊሽ ስትገዙ ከባሕር የተያዘ ሳይሆን በአኳሪየም ውስጥ የተፈለፈለ መሆኑን ጠይቁ፤ ምግብም ቶሎ ይለምዳል። ለመኖር ባሕር ውስጥ የሚጠለልበት፣ አኒሞኒ የሚባለው እንስሳ አያስፈልገውም። ሰማያዊ ታንግ የምትባለው ዓሣ ሱቅ ውስጥ ሕፃን ሆና ልብ ትሰርቃለች፣ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ታድጋለች፤ እዚህ ውስጥ አታስገቧት። ክዳን ወይም መረብ አድርጉ፣ ብዙ ትናንሽ ዓሦች ይዘላሉ።

ኮራል ስትጀምሩ ዞአንቲድ የሚባሉት ቆንጆዎችና ጠንካሮች ናቸው። ግን አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አላቸው። ስትነኳቸው ጓንትና መነጽር አድርጉ። እነሱ የበቀሉበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብላችሁ በፍጹም እንዳትቀቅሉት፤ በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ።

ለእረፍት ወይም ለአገር ቤት ጉዞ ስትሄዱ ለሚጠብቅላችሁ ሰው የተጣራ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ እስከ መስመሩ ብቻ ጨምር ብላችሁ አሳዩት። ምግቡን በየቀኑ ከፋፍላችሁ በትንንሽ ላስቲክ አስቀምጡ፣ ካልሆነ ያበዛዋል። ዱባይ ወይም ጅዳ ያላችሁ ደግሞ ኤሲውን አጥፍታችሁ እንዳትሄዱ። ውሃው 30 ዲግሪ ካለፈ ስትመለሱ የምታገኙት ገንዳ የተዋችሁት አይሆንም።